«በጀት የለም» ሲሏችሁ የትኛው ነው የሌለው?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ዱርቤቴ)

ሰብሳቢያችን «ስለ በጀት ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በጀት ሲነሳ ሰው እንቅልፉ ይመጣል፤ እኔም ራሴ በስንቱ ሥልጠና ላይ አንጎላጅቻለሁ። ኋላ ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ኃላፊ እንደሆንን ቆጠርኩ። ርዕሰ መምህርት አለች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ አለች፣ የግብርና ቡድን መሪ አለች፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ አለች። አብዛኞቻችሁ ሒሳብ አልተማራችሁም። በዓመት ውስጥ ግን ስንት ጊዜ እንደኔ ያለ ሰው ጠረጴዛ ፊት ትቆማላችሁ፤ እኛም «በጀት የለም» ብለን እንመልሳችኋለን። ዛሬ የምናገረው ስለዚች አጭር መልስ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ዲፕሎማዬን በአካውንቲንግ ይዤ ሥራ እንደጀመርኩ፣ እዚህ ሳልመጣ፣ በሌላ ወረዳ ፋይናንስ ውስጥ በፑል ነበር የምሠራው። ፑል ማለት ለማታውቁት የብዙ መሥሪያ ቤት ሒሳብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ የሚሠራበት ነው። የትምህርት፣ የጤና፣ የግብርና ሒሳብ ሁሉ እኛው ዘንድ ይመጣል። ወረዳውን በስሙ አልጠራውም።

ግንቦት ነበር። አንዲት ርዕሰ መምህርት ከገጠር ትምህርት ቤት በእግሯ ተጉዛ መጣች፤ ጫማዋ ላይ አቧራው አልረገፈም። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ሁለቱም በሮች ተገንጥለው ወድቀዋል አለችኝ። አንዷ ልጅ ስትገባ ሌላዋ ነጠላዋን ዘርግታ በር ሆና ትቆማለች። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የወር አበባቸው ሲመጣ ከቤት ይቀራሉ። ደብዳቤዋ ላይ «ሁለት አዲስ በር እንዲገዛልን» ይላል። እኔ «ይገዛልን» የምትለውን አየሁና የግዥውን ሌጀር ካርድ አወጣሁ። 6314፣ የሕንፃ ቁሳቁስ መግዣ። ቀሪው ዜሮ ነው። «በጀት የለም እታለም» አልኳት። አመሰገነችኝና ሄደች።

በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ 6244 ላይ፣ በሕንፃ እድሳትና ጥገና መደብ ላይ ማለት ነው፣ ለብዙ በር የሚበቃ ገንዘብ ሳይነካ ተገኘ። የወደቀን በር መልሶ መግጠም ጥገና ነው። ደብዳቤዋ ላይ «እንዲገዛልን» ከማለት ይልቅ «እንዲጠገንልን» ብላ ቢሆን፣ ወይም እኔ ካርዱን አንድ ገጽ ገልጬ ብሆን፣ ልጆቹ በር ይኖራቸው ነበር። ገንዘቡ ተመላሽ ሆነ። ሕግ አልጣስኩም፤ ኦዲተር ቢመጣ አንዲት ነገር አያገኝብኝም። ያመሰገነችኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው «በጀት የለም» አንድ መልስ እንዳልሆነ የገባኝ። ቢያንስ አምስት የተለያየ ነገር ማለት ነው፤ ለአምስቱም መድኃኒቱ ይለያያል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትባሉ ደብዳቤያችሁን አጥፋችሁ አትመለሱ። «የትኛው ነው የሌለው?» በሉ።

አንዳንዴ በእርግጥም የለም። ጭራሽ አልተጠየቀም፣ አልተፈቀደም። ለዚህኛው በግንቦት መምጣት አይረዳም፤ መድኃኒቱ ያለው በክረምትና በግንቦት መካከል ባሉት ወራት ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይወጣል። እኛ አዲስ ዓመት የምንለው መስከረም ሲሆን የበጀቱ ሁለት ወር አልፎበታል። ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ሐሳብ የሚሰበሰበው ግን ገና ያለፈው ሳያልቅ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ገብቶ ሰው ፋታ ባገኘበት ወቅት ነው። የበጀት ጥሪ የሚባል ደብዳቤ ይወጣል፤ «በዚህ ጣሪያ ውስጥ ሆናችሁ ጥያቄያችሁን አቅርቡ» ይላል። ቀኑ ከዓመት ዓመት፣ ከወረዳ ወረዳ ይለያያልና ቀን ቆርጬ አልነግራችሁም፤ ከጥር ጀምሮ ጆሯችሁን አቁሙ። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ዋናው ጽሕፈት ቤት ደርሶ እዚያው የዕቅድ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ወይም ርዕሰ መምህርቷ ሳትሰማ ባለሙያው ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጦ ትንሽ ጨምሮበት ያስገባል። የእናንተ በር፣ የእናንተ ሞተር ብስክሌት፣ የእናንተ አልጋ እዚያ ወረቀት ላይ የለም። ከዚያ በኋላ ክርክር አለ፣ ካቢኔ ያየዋል፣ የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ምክር ቤቱ ፊት ሲደርስ ያልተጻፈን ነገር ማንም አያነሳላችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ቅር አይበላችሁ፤ ጣሪያው ራሱ ጠባብ ነው። ወረዳዎች በራሳቸው በጀት ማዘዝ ከጀመሩ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በቀመር የሚያከፋፍለው ጥቅል ድጎማ አለ፤ ወረዳውም ከግብርና ከመሬት መጠቀሚያ ከመሳሰለው የሚሰበስበው አለው። ሁለቱ ተደምረው ከሚመጣው ውስጥ አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዛቸውን ከወሰዱ በኋላ ለሥራ ማስኬጃ የሚቀረው ከማሰሮ ሥር የተረፈ ጠላ ነው። ሁሉም ቢሮ ለዚያችው ቅሪት ይሻማል። ታዲያ የሚያገኘው ማነው? በኔ ዓይን እንዳየሁት ምክንያቱን በቁጥር የጻፈው ነው።

ለምሳሌ ነዳጅን እንውሰድ። አንዱ «ነዳጅና ቅባት 40,000 ብር» ብሎ ያስገባል። በክርክሩ ላይ «ለምን 40,000?» ሲሉት «አምና 35,000 ስለነበር» ይላል። ወዲያው ወደ 30,000 ያወርዱታል፤ መከላከያ የለውማ! ሌላዋ ደግሞ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ 8 ቀበሌ በወር ሁለት ሁለት ጊዜ እጎበኛለሁ፤ ደርሶ መልሱ በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወር 640፣ በዓመት 7,680 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሞተሩ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ 256 ሊትር ያስፈልገኛል። ዋጋውን አባዝታ ታስቀምጣለች። ይህችን ቅነሳት ቢባል «የትኛውን ቀበሌ ልተው?» ትላለች። መልሱን የሚሰጣት ደፋር ጥቂት ነው። ይህን ለማስላት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ለሠርግ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጋን ጠላ እንደሚበቃ በቃሏ የምታሰላ ሴት ናት ፊቴ የተቀመጠችው።

ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ አንድ መያዣ አላችሁ። የፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ በ2008 ዓ.ም. ሲሻሻል በበጀት ዝግጅት ጊዜ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ እንዲታይ የሚል ተጨምሮበታል። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ፣ የወላድ ማቆያ፣ የመሳሰለውን ስትጠይቁ በትህትና አስታውሷቸው። ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ቁጥር ከጎኑ ሲኖር ግን ክብደት አለው።

ወደ ሁለተኛው «የለም» ልሂድ፤ ይኸኛው የርዕሰ መምህርቷ ነው። ገንዘቡ አለ፤ ያለው በሌላ መደብ ነው። እያንዳንዱ ወጪ መለያ ቁጥር አለው፦ የጽሕፈት መሣሪያ 6212፣ ነዳጅ 6217፣ ውሎ አበል 6231። በቤታችሁ ለዘይት ያስቀመጣችሁትን ለልጅ ደብተር ብታውሉት የሚጠይቃችሁ የለም፤ እዚህ ግን ያለ ፈቃድ ከመደብ መደብ አይሻገርም። በፈቃድ ግን ይሻገራል። «ዝውውር» ይባላል። ከየትኛው መደብ ስንት እንደሚቀነስ፣ ወደየትኛው እንደሚጨመርና ለምን እንደሆነ ጽፋችሁ በጽሕፈት ቤታችሁ በኩል ትጠይቃላችሁ። ከካፒታል በጀት ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም፤ ለግንባታ የተያዘን ለአበል እንዳንበላው ነው። በመደበኛው ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ በሰኔ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ከተጠየቀ። እንግዲህ ደብዳቤ ስትጽፉ ቃላችሁን ምረጡ። «ይገዛልን» እና «ይጠገንልን» ሁለት የተለያዩ ኪሶች ናቸው። ካላወቃችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሒሳብ ሠራተኛዋን «ይኼ ከየትኛው ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቋት። ይህን የጠየቀችኝን ሴት ባዶ እጇን መልሼ አላውቅም ብዬ መዋሸት አልፈልግም፤ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያናድደው ነው። በጀቱ አለ፣ መደቡም ትክክል ነው፣ ጥሬ ገንዘቡ ግን አልደረሰም። ምክር ቤት ያጸደቀው ፈቃድ ነው። ብሩ ራሱ በየወሩ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሲመጣም መጀመሪያ ደመወዝ ይከፈላል። አንዷ ኃላፊ «ምክር ቤቱ 100,000 ፈቅዶልኝ አንቺ ማነሽና ትከለክይኛለሽ?» ብላ ጮኻብኛለች። እውነቷን ነው፣ ተፈቅዶላታል። እኔም እውነቴን ነበር፣ ካዝናው ባዶ ነበር። ያኔ ቁጭ ብዬ ላስረዳት ሲገባኝ እኔም ጮኽኩባት። እቁብ የምትጥሉ ታውቁታላችሁ፤ ዕጣው የናንተ መሆኑ ታውቋል፣ ገንዘቡ ግን ሁሉም እስኪጥል ይጠበቃል። መድኃኒቱ በዓመቱ መጀመሪያ የምትሞሉት የገንዘብ ፍላጎት ዕቅድ ነው፤ በየትኛው ወር ስንት እንደምትፈልጉ የሚገልጸው። ብዙዎቻችሁ ዓመቱን ለአሥራ ሁለት እኩል አካፍላችሁ ትሰጡናላችሁ። የትምህርት ቤት ወጪ በመስከረምና በነሐሴ እኩል ነው እንዴ? የወባ ወቅትስ ከበጋው ጋር እኩል ነው? ሥራው የሚከብድበትን ወር አስቀድማችሁ ካልነገራችሁን እኛም አስቀድመን አንጠይቅላችሁም።

ጤና ጣቢያ ላይ ያላችሁ ይኼ ነገር በሌላ መልክም ይመጣባችኋል። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልል ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ስለዚህ እዚህ ዱርቤቴ የምንኖር ሰዎች ነገሩን ከብዙው አገር ቀድመን ነው ያየነው። አባሉ መዋጮውን በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይታከማል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ዛሬ ይሰጣል፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ግን የሰጠውን አገልግሎት በሰነድ አስደግፎ ከጠየቀ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለኃላፊዋ ትልቅ ፈተና ነው። መደርደሪያው ይራቆታል፤ ሰው «ከፍዬ ነበር እኮ፣ መድኃኒት ግን ከውጭ ግዙ ተባልኩ» ይላል። የሚሰደበው መድኑም ነው፣ ኃላፊዋም ናት። ጤና ጣቢያው ከሕክምና የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ለራሱ ሥራ የሚያውለው በቦርዱ ታይቶ በበጀት ከጸደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ገንዘቡ መጥቶ እጇ ሲገባ ማሰብ ብትጀምር ዘግይታለች። ስንት አባል እንዳለ፣ ስንት ሰው በወር እንደሚታከም፣ ክፍያው በአብዛኛው ስንት ወር እንደሚቆይ በደብተሯ መያዝ አለባት። የሰነድ ማቅረቢያውን ቀን ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ አትተዉ። አንድ ፊርማ የጎደለው ሰነድ ተመልሶ ሲመጣ የሚያልቀው የእናንተ ፓራሲታሞል ነው።

አራተኛውን ቶሎ ልለፈው። ገንዘቡ አለ፣ ቀድሞ ግን በሌላ ነገር ተይዟል። ግዥ ታዝዟል፣ ውል ተፈርሟል፣ ገና አልተከፈለም። ካርዱ ላይ ከተፈቀደው የወጣውን ቀንሳችሁ «ይኸው አለ» ትላላችሁ፤ የተያዘውን ግን አልቀነሳችሁም። ስትጠይቁ ሦስቱንም ጠይቁ፦ ስንት ተፈቀደ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተያዘ።

አምስተኛው ደግሞ ጊዜ ነው። በሰኔ 20 ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ አወዳድሮ፣ ገዝቶ፣ እቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ክፍያ መፈጸም ማለት ለእኛ እሳት ማጥፋት ነው። እቃው እስከ ሰኔ 30 ገቢ ከሆነ ክፍያው በእፎይታ ጊዜው በሐምሌ ሊያልቅ ይችላል፤ ያልገባ እቃ ግን ከዓመቱ ጋር ይሄዳል። ደግሞም በሰኔ የሚገዛ ነገር ብዙ ጊዜ የማይፈለግ ነገር ነው። መጋዘን ገብታችሁ እዩ፤ ማንም ያልነካው የወረቀት ክምር፣ ለማንም የማይሆን ፋይል ማስቀመጫ ይቆማል። በሰኔ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ የተገዛ ነው። የበሩ ገንዘብ ግን ተመለሰ።

ስድስተኛም አለ ብትሉኝ አልክድም፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደክሟታል ወይም ካርዱን ማውጣት አልፈለገችም። (ሳቅ) ለዚህኛው መድኃኒቱ ካርዱን ራሳችሁ ማየት ነው። የምትመሩት ክፍል ሌጀር ካርድ ምስጢር አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ ካለቀ በኋላ ፋታ ስናገኝ፣ መጥታችሁ «ቀሪዬን አሳዪኝ» በሉ። ቁጥሩን በራሳችሁ ደብተር ጻፉት። ሦስት ወር ተከታታይ ከመጣችሁ ከቁጥሩ ጋር ትላመዳላችሁ፤ እኛም እናንተን ስናይ ካርዱን ሳትጠይቁ ማውጣት እንጀምራለን። ሰው ነንና የሚመጣብንን ሰው ነገር እናስቀድማለን።

ፊርማም ነገር አለ። ብዙ ሴት ኃላፊዎች «እኔ ሒሳብ አልችልም፣ አንተ ያልከውን» እያሉ ሲፈርሙ አያለሁ። የአበል መክፈያ ላይ 10 ሰው ተዘርዝሯል፤ የሄዱት 6 ናቸው። ፈራሚዋ አላነበበችም። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ያዘጋጀው ብቻ ሳይሆን ያጸደቀችውም ናት። አንዲት የማውቃት ሴት እንዲህ ያለ ገንዘብ ከደመወዟ እየተቆረጠባት ዓመት ከፍላለች፤ አንዲት ሳንቲም ኪሷ ሳይገባ። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልነግራችሁም። «ልየውና ከሰዓት እፈርማለሁ» ማለት ነውር የለውም። የሚቆጣ ሰው ካለ ደግሞ ያኔ ነው ሁለት ጊዜ ማንበብ።

በመጨረሻ ወደዚያች ርዕሰ መምህርት ልመለስ። በጥቅምት እንደገና መጣች። እኔ ቀድሜ «ጥገና ብለሽ ጻፊ» አልኳት፤ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ቆማ ጻፈች። በኅዳር ገንዘቡ ወጣ፤ ሳንቃና ማጠፊያ ተገዝቶ አንድ የአካባቢው አናጺ ገጠመው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ሲቆጠር ስድስት ወር ነው፤ ሁለቱ ክረምት ቢሆኑ የቀሩትን ልጆቹ ነጠላ እየዘረጉ አሳልፈዋል። የስምንተኛ ክፍሎቹ እስከዚያ ተፈትነው ሄደዋል።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ቡናውም ሁለተኛው ደርሷል። በዚህ ዓመት «በጀት የለም» ተብላችሁ የተመለሰ ደብዳቤ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለ ካለ አውጡት። ከየትኛው መደብ እንደሚጠየቅ አብረን እናያለን፤ የተጻፈበት ቃል የሚቀየርም ከሆነ እስክሪብቶ ይዣለሁ።